የጓዳው ምስክርነት፦ ከካልጋሪ የአርኬዎሎጂ ትምህርት እስከ ትግራይ ማጀት

መግቢያ

የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊ ብዕሩን ሲያነሣ አስቀድሞ የሚመለከተው ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ዜና መዋዕሉን ያስጻፉት ነገሥታት፣ ገድሉንና ድርሳኑን የደረሱት ሊቃውንት፣ የጕልቱን መዝገብ ያኖሩት አድባራትና ገዳማት ስለሆኑ፣ ብራናው የሚናገረው በአብዛኛው ስለ እነርሱ ነው። ይሁን እንጂ «ቤት» የሚለው ቃል በቋንቋችን ከመንግሥት ጋር ተጣምሮ ቤተ መንግሥት፣ ከክርስቲያን ጋር ተጣምሮ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሆን ሁሉ፣ ከሰብ ጋር ተጣምሮ ቤተ ሰብ ይሆናል። ከሦስቱ ቤቶች ሁለቱ ታሪክ ሲጻፍላቸው፣ ሁለቱን ሲቀልብ የኖረው ሦስተኛው ቤት ጸሐፊ አላገኘም።

የጥንቶቹ ሰዎች ራሳቸው ቤትን እንዳልናቁ የአክሱምን ሐውልቶች ልብ ብሎ የተመለከተ ይረዳል። በታላላቆቹ ሐውልቶች ላይ በር፣ መስኮትና ደርብ ተቀርጿል፤ ከግድግዳው ወጥቶ የሚታየው የእንጨት ጫፍ ሳይቀር በድንጋይ ተመስሏል። የሙታን መታሰቢያው የቤት ምስል ነው ማለት ነው። ከአክሱም ብዙ በማይርቀው ሐውልቲ በተባለው ስፍራ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ በተደረገው ቁፋሮም፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት የተሠራ ትንሽ የሸክላ ቤት ተገኝቷል። በ2005 ከሮም የተመለሰውን ሐውልት አገር በእልልታ ሲቀበል በሁሉም አንደበት የነበረው የነገሥታቱ ኃይል ነው፤ በላዩ የተቀረጸውን ዓይነት በር በማለዳ የሚከፍተው ማን እንደ ነበር የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው የዚህን የሦስተኛውን ቤት ነገር ነው። በስደት የምንኖርባት የካልጋሪ ከተማ ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አይደለችም። የከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ ቤተሰብን የአርኬዎሎጂ ጥናት ማዕከል ካደረጉት ተቋማት አንዱ ሲሆን፣ ከመምህራኑ መካከል እስከ ምሥራቅ ትግራይ ዘልቀው በማጀት የተቀመጡ አሉ። ይህ የጥናት መንገድ ከየት እንደ መጣ፣ በአገራችን ምን እንዳስገኘ፣ ምንስ እንደ ጐደለው፣ እንዲሁም በስደት ያለው ምሁር ከእርሱ ምን ሊወስድ እንደሚገባው እንመረምራለን። በጽሑፉ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የካልጋሪ ትምህርት ቤት

የካልጋሪ የአርኬዎሎጂ ትምህርት ክፍል የተቋቋመው በ1964፣ በሪቻርድ ፎርቢስና በሪቻርድ ማክኒሽ አማካይነት ነው። በሰሜን አሜሪካ አርኬዎሎጂ በአብዛኛው የአንትሮፖሎጂ ቅርንጫፍ ሆኖ በሚሰጥበት ዘመን ራሱን ችሎ መቆሙ ለክፍሉ ልዩ መልክ ሰጥቶታል። ከዚህም ሌላ የክፍሉ ተማሪዎች ቻክሙል የተባለ ማኅበር አቋቁመው፣ በየዓመቱ ከልዩ ልዩ አገሮች ሊቃውንትን የሚጠራ ጉባኤ ማዘጋጀትን ልማድ አደረጉ። ጉባኤውን የሚጠሩት ተማሪዎች መሆናቸው ሊጤን ይገባዋል፤ የሚነሡት ጥያቄዎች ዘወትር ከመምህራኑ ወንበር ብቻ እንዳይመነጩ ረድቷልና።

የ1988ቱ ጉባኤ ርእስ ቤተሰብና ማኅበረሰብ ነበር። የ1989ኙ ደግሞ የሴትና የወንድ ድርሻ በአርኬዎሎጂ እንዴት እንደሚታይ የመረመረ ሲሆን፣ በመስኩ ታሪክ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በነዚያ ዓመታት የቤተሰብ አርኬዎሎጂ የሚባለው ገና ወጣት ነበር። ሪቻርድ ዊልክና ዊልያም ራትጄ በ1982 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቤተሰብ አንድ ማኅበረሰብ የሚያመርትበት፣ የሚያካፍልበት፣ ለልጅ የሚያወርስበት መሠረታዊ ክፍል ስለሆነ ቆፋሪው ከቤተ መቅደሱና ከመቃብሩ ይልቅ የመኖሪያውን ወለል ይመርምር ሲሉ አሳስበው ነበር። በዚህ አስተሳሰብ አመዱ፣ የድስቱ ስባሪ፣ የከሰለው ፍሬ፣ የምድጃው አቀማመጥ ሁሉ ሰነድ ይሆናል። ወርቅ የሚሻው ቆፋሪ የሚጥለውን የቤተሰብ ተመራማሪው ይለቅማል።

ነገር ግን አመድ ብቻውን አይናገርም፤ እንዲናገር አስተርጓሚ ያሻዋል። የካልጋሪው ፕሮፌሰር ኒኮላስ ዴቪድ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰሜን ካሜሩንና በናይጄርያ የማንዳራ ተራሮች ያካሄዱት ምርምር ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። ዘዴው በዛሬው ሕያው መንደር ሸክላ ሠሪውን፣ ብረት አቅላጩንና ባለ ቤቱን እያዩና እየጠየቁ፣ ዕቃና ሰው እንዴት እንደሚተሳሰሩ መማር ነው። ዴቪድና ባልደረቦቻቸው በ1988 ባወጡት ጽሑፍ በነዚያ ተራሮች ሸክላ እንደ ሰው እንደሚቈጠር፣ ጌጡም ከሰው ገላ ጌጥ ጋር እንደሚመሳሰል አስረድተዋል። የዘዴውን ጠቅላላ መመሪያ ዴቪድ ከካሮል ክሬመር ጋር በ2001 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ኋላ በካልጋሪ ያስተማሩት ዳያን ላየንስም የወንዱና የሴቱ ቦታ በአንድ ግቢ ውስጥ እንዴት እንደሚደለደል በዚያው በሰሜን ካሜሩን አጥንተው ነበር። ወደ ትግራይ ያመሩት ይህን ልምድ ይዘው ነው።

ሞጎጎና ሕድሞ

በ2003 ላየንስ ከሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲዋ ካትሪን ዳንድሪያ ጋር አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ስንዴና ገብስ ከቅርብ ምሥራቅ የመጡ እህሎች ናቸው፤ በመጡበት አገር ዳቦ የሚጋገረው በምድጃ ውስጥ ነው። ታዲያ የኢትዮጵያ ደጋ ሰው እህሉን ሲቀበል ምድጃውን ስለ ምን አልተቀበለም? ስለ ምንስ ሁሉን በምጣድ፣ ትግራዮች ሞጎጎ በሚሉት፣ መጋገሩን መረጠ? ተመራማሪዎቹ መልሱን የፈለጉት ከሚጋግሩት ሴቶች ዘንድ ነው። ያገኙትም ምክንያት ከእህሉ ባሕርይ ጋር የተያያዘ ነው። እንደ ጤፍና እንደ ዳጉሳ ያሉት አገር በቀል እህሎች ሊጡን የሚያያይዘው የስንዴ ዓይነት ሙጫ የላቸውም፤ እንደ ዳቦ ተድቦልቡለው አይቆሙም፤ ቀጥነው ተቦክተው በትኵስ ገጽ ላይ ሲፈሱ ግን እንጀራ ይወጣቸዋል። እንግዲህ እንግዳው እህል የገባው የራሱ የአጋገር ጥበብ ወዳለው ቤት ነው፤ ለቤቱም ሥርዐት ተገዛ።

የዚህን አባባል ክብደት አንባቢ ልብ እንዲለው እንሻለን። ለረጅም ዘመን የሰሜን ኢትዮጵያ ሥልጣኔ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው የሚለው ሐሳብ የተከራከረው በጽሕፈት፣ በቤተ መቅደስና በነገሥታት ስም ነበር። ምጣዱ ወደ ክርክሩ ሲገባ ሚዛኑ ይለወጣል። ከውጭ የመጣውን ተቀብላ በራሷ ብልሃት የምታስተዳድር፣ ስሟ በድንጋይ ያልተጻፈ ባለ ሙያ ሴት ብቅ ትላለች። በቁፋሮ የተገኘ የምጣድ ስባሪ ከአንድ የድል ጽሑፍ ያላነሰ ምስክር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳንድሪያ የሚመሩት ቡድን በጉሎመኸዳ መዝበር በተባለው የገጠር መንደር ያካሄደው ቁፋሮም ይህንኑ ያጠናክራል። መዝበር ከአክሱም መንግሥት መነሣት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሰው የኖረበት ስፍራ ነው። ሕሊና ወልደኪሮስና ዳንድሪያ ከዚያ የተገኙትን አጥንቶች መርምረው፣ በአፍሪካ እጅግ ቀደምት ከሚባሉት የዶሮ ቅሪቶች መካከል የሚቈጠሩ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት የሚጠጉ አጥንቶች መሆናቸውን አስታወቁ። ዶሮ ከእስያ የመጣ ወፍ ነው። ወደ አገራችን የገባበትን ቀን የመዘገበ ዜና መዋዕል የለም። የመዘገበው የአንድ ገበሬ ቤት ጥራጊ ነው።

በ2007 ላየንስ ስለ ምሥራቅ ትግራይ የገጠር ቤት አሠራር ሌላ ጥናት አሳተሙ። ድንጋይ ግንብ፣ አፈር ለበስ ጣሪያ፣ በግንድ ምሰሶ የተደገፈው ሕድሞ ለዓይን የለመደ ነገር ነው። ጥናቱ ግን ከሥልጣን ማእከል በራቀ ገጠር ሰው ኃይልና ክብርን በቤቱ አሠራር እንዴት እንደሚገልጽ ይጠይቃል። ከዚህ የምንረዳው ሥልጣን በአዳራሽና በግብር ቤት ብቻ እንደማይኖር ነው። ማን በመደብ ይቀመጣል፣ እህሉን ማን ይሰፍራል፣ እንግዳ እስከ የት ይገባል የሚሉት ጥያቄዎች የመንግሥት አስተዳደር ጥያቄዎች ታናናሽ ወንድሞች ናቸው።

ሠሪዋና ስሟ

«ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይላል የአገራችን ሰው። ምጣዱ ይህን ያህል በሚከበርበት አገር ምጣዱን የሠራችው ሴት ተንቃ ኖራለች። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በብዙ አካባቢ ቡዳ ተብለዋል፤ ከመሬት ርቀዋል፤ ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር ተደርጓል። «ጠይብ» የሚለው ቃል ከጥበብ ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን በአፋችን ስድብ ሆኗል። በጎንደር አካባቢ ሸክላና ብረት ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም በዚሁ ሐሜት ብዙ ተሠቃይተዋል።

ላየንስ ከባልደረባቸው ከአንድሪያ ፍሪማን ጋር በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ የትግራይ ሸክላ ሠሪ ሴቶችን ማንነት መርምረዋል። የጽሑፉ ርእስ ራሱ የሠሪዋን አቤቱታ ይዟል፤ እኔ ክፉ አይደለሁም የሚል ነው። ጥናቱ የሚያሳየው መገለል በወሬ ብቻ የሚኖር ነገር አለመሆኑን ነው፤ በዕቃና በቦታ ይጨበጣል። ይህም ማለት ጭቆና አሻራውን በምድር ላይ ይተዋል፤ የወደፊቱ ቆፋሪም ሊያነበው ይችላል ማለት ነው።

የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ የሚጠይቀው አለ። ዐፄ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ ገደማ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። የ1975ቱ የመሬት ዐዋጅም ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደንግጓል። ዐዋጆቹ ግን ስድቡን አላጠፉትም፤ ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ የመጣች ተመራማሪ ያንኑ አቤቱታ ሰማች። እኛ ከዚህ የምንረዳው፣ ዐዋጅ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ እስከ ገበያው ሲደርስ ጓዳው ደጃፍ ላይ እንደሚቆም ነው። ስለ አብዮቱ፣ ስለ መሬትና ስለ መደብ በስደት ብዙ ተጽፏል። የዐዋጁን ዕድሜ በሸክላ ሠሪዋ ደጃፍ የለካ ጽሑፍ ግን እምብዛም አይገኝም።

ተማሪው በሕዝብ መካከል

ወደ ካልጋሪ እንመለስ። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ በቦው ወንዝ ዳር፣ የሲክሲካ ሕዝብ ምድር ላይ፣ ክሉኒ የተባለ በቦይና በእንጨት አጥር የተመሸገ የ18ኛው ክፍለ ዘመን መንደር ፍርስራሽ ይገኛል። ፎርቢስ በ1960 ገደማ ቆፍረውታል። በዚያው አካባቢ በ1877 የሲክሲካና የጎረቤቶቹ ሕዝቦች አለቆች ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ሰባተኛ የሚባለውን ውል ተፈራረመዋል፤ ከዚያም በኋላ የቀድሞ ምድራቸው ጠብቦ ጠብቦ የተከለለ መሬት ሆነ። በ2007 ሲክሲካዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የታሪክ መዘክር በስፍራው ተከፈተ፤ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲም በፕሮፌሰር ዴል ዋልድ መሪነት ተማሪዎቹን ወደ መንደሩ መልሶ፣ ከባለ አገሮቹ ጋር በመተባበር ቁፋሮውን የመስክ ትምህርት ቤት አደረገው።

በሁለቱ ቁፋሮዎች መካከል የተለወጠው የባለቤትነቱ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዘመን ምሁሩ ቆፍሮ ወደ ከተማ ይመለሳል። በሁለተኛው ተማሪው በእንግድነት ይገባል፤ ምን መጠየቅ እንደሚገባው ከሽማግሌዎች ይሰማል፤ የተገኘውም በሕዝቡ ቤት ይነገራል። በዚህ ሜዳ ላይ በብዛት የሚታዩት ክብ የድንጋይ ቀለበቶች የቀድሞ ድንኳኖች አሻራ መሆናቸው ለሲክሲካ ሽማግሌ አዲስ ነገር አይደለም፤ የእያንዳንዱ ቤተሰብ የእግር አሻራ ነውና።

በአገራችንም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በጋሞ ደጋ ለብዙ ዓመታት ሸክላ ሠሪዎችንና ቆዳ ፋቂዎችን ሲያጠኑ የኖሩት ጆን አርተርና ካትሪን አርተር፣ በአካባቢው ሽማግሌዎች እየተመሩ ሞታ ወደተባለው ዋሻ ደረሱ። በ2012 በዚያ የተገኘው የ4500 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው በጋሞኛ ባይራ፣ ማለትም በኵር፣ ተባለ። በ2015 የታተመው የዘር ቅንጣት ምርመራውም ከአፍሪካ ምድር ከተገኘ ጥንታዊ ሰው የተነበበ የመጀመሪያው ሙሉ መዝገብ ሆነ። ዓለም ያደነቀው የላቦራቶሪውን ሥራ ነው። መንገዱን ያሳየው ግን የሽማግሌዎቹ እውቀት ነው፤ ያም እውቀት የተገለጠው በመንደሩ ለዓመታት ለተመላለሰና ለታመነ እንግዳ ነው።

ተማሪን ወደ ሕዝብ መላክ ለኢትዮጵያ ከውጭ የሚገባ ትምህርት አይደለም። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ክፍል ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው እየሄዱ ከሽማግሌዎች አፍ የሰበሰቡት ታሪክ ዛሬም ተተኪ የለውም። በ1975 የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ሆኖም ዘማቹ የሄደው ገበሬውን ሊያነቃ ነበር፤ የታሪክ ተማሪው የሄደው ሊሰማ ነበር። የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ነው። ሊያስተምር የሄደው የያዘውን ሰጥቶ ተመለሰ፤ ሊሰማ የሄደው ግን አገር ያላወቀችውን ይዞ መጣ። ይህ የመስማት ልማድ በሽብሩ ዘመን ተዳከመ። በ1993 ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲባረሩ ደግሞ፣ መምህርን ከደቀ መዝሙር የሚያያይዘው ሰንሰለት ሌላ ቀለበት ጐደለው።

ጦርነትና የቤት መዝገብ

ይህን ጥያቄ ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ጉሎመኸዳና ዛላምበሳ በ1998 እስከ 2000 በተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ግንባር ነበሩ። በኅዳር 2020 የተጀመረው ጦርነትም በዚያው ምድር አለፈ፤ ወደ አማራና ወደ አፋርም ተሻግሮ እስከ ፕሪቶሪያው የኅዳር 2022 ስምምነት ድረስ የብዙ ሰው ሕይወት በላ። የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ የሚቈጠሩት ክፍለ ጦሮች፣ የተያዙና የተለቀቁ ከተሞች ናቸው። የተዘረፈው ጎተራ፣ የተሰበረው ጋን፣ የተቃጠለው ጣሪያ በየትኛው መዝገብ ይሰፍራል? ባለ ሙያዋ ተሰዳ መጠለያ ስትገባ፣ የትኛው አፈር ለምጣድ እንደሚሆን፣ ከምን እንደሚደባለቅ፣ እንዴት እንደሚተኰስ የምታውቀው እውቀት አብሯት ይሰደዳል፤ ለልጇ ሳታሳይ ከሞተችም አብሮ ይቀበራል።

በዚህ መልክ ስናየው፣ በሰላሙ ዘመን የካልጋሪና የሌሎች ተቋማት ተመራማሪዎች የመዘገቡት የቤት ንድፍ፣ የአጋገር ሥርዐትና የሸክላ አሠራር ሌላ ዋጋ ያገኛል። ያ መዝገብ ለሳይንስ ተብሎ ተጀመረ፤ አሁን ለባለ ቤቶቹ የመታሰቢያና የመልሶ ማቋቋሚያ ሰነድ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ፣ የታተመውም ባለ ቤቷ በማትደርስበት መጽሔት መሆኑ ነው። ሽማግሌውን ጠይቆ መልሱን በሽማግሌው ቋንቋ ያልመለሰ ጥናት የተበደረውን ያልከፈለ ነው። ይህን ዕዳ ለፈረንጅ ተመራማሪ ብቻ መተው አይገባም፤ ሁለቱን ቋንቋ የምናውቀው እኛ ነንና።

ምን ይደረግ?

በስደት ያለው ምሁር ለሃምሳ ዓመታት ያህል ስለ መንግሥት ተከራክሯል። ክርክሩ አስፈላጊ ነው፤ የማን ታሪክ ይቀድማል፣ ወሰኑስ እስከ የት ነው የሚለው ጠብ ግን የሚካሄደው ነገሥታቱን እየጠሩ ነው። ምጣዱ ለዚህ ጠብ አይመችም። ስሙ ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም በኤርትራ ደጋ፣ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሞ ምድር ይገኛል፤ ማንም ለብቻው የእኔ ነው ሊለው አይችልም። የቤተሰብን ታሪክ ማጥናት ፖለቲካውን ያስረሳል ማለታችን አይደለም። ሸክላ ሠሪዋ እንዳስተማረችን ጓዳው የራሱ ግፍ አለበት። ነገር ግን ግፉንም ጥበቡንም ከሥር ጀምሮ ያሳየናል።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት ሦስት ነገሮችን እንዲመክሩባቸው እናቀርባለን። አንደኛ፣ ስለ ኢትዮጵያ ቤት፣ ምግብና እጅ ሥራ በውጭ ቋንቋ የታተሙትን ዋና ዋና ጥናቶች ፍሬ ሐሳብ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን አሳጥሮ፣ ጥናቱ ለተካሄደባቸው ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ማድረስ ነው። ሁለተኛ፣ የጓዳ ቃላትን መሰብሰብ ነው። አክንባሎ፣ ማሰሻ፣ ጎታ፣ ጉልቻ የሚሉትን የዛሬ የካልጋሪ ልጅ አያውቃቸውም፤ ዕቃው ከነስሙ ሲጠፋ የወደፊቱ ቆፋሪ ስባሪውን ቢያገኝ እንኳ የሚጠራበት አይኖረውም። ሦስተኛ፣ በስደት ያለውን ቤተሰብ ራሱን ማጥናት ነው። በዚህች ከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ በምድር ቤት ተቀምጦ፣ ጤፉ ከሌላ ዱቄት ጋር ተደባልቆ፣ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ተጥዶ የሚኖረው ሕይወት፣ ስንዴን በሞጎጎ ካስገዛችው ጥንታዊት ሴት ጥበብ የሚለይ አይደለም። ባዕዱን ተቀብሎ በራስ ሥርዐት ማስተዳደር ነው። በየዩኒቨርሲቲው የሚማሩ ልጆቻችን እናቶቻቸውንና አያቶቻቸውን በፈቃዳቸው እየጠየቁ፣ የቤቱን ንድፍ እየሣሉ፣ የዕቃውን ስምና የመጣበትን መንገድ እየመዘገቡ ቢያጠኑ፣ መዝገቡም በባለ ቤቶቹ እጅ ቢቀመጥ፣ የማኅበረሰብ የመስክ ትምህርት ከደጃችን ይጀምራል።

ሥራው አጣዳፊ ነው። ብራና በገዳም ተሸሽጎ መቶ ዓመታት ይቈያል፤ የእጅ እውቀት ግን ከባለ ቤቱ ዕድሜ አያልፍም። በሱዳን በረሃ አቋርጠው እዚህ የደረሱት እናቶች አርጅተዋል። በትግራይ፣ በወሎና በጎንደር ያሉት ባለ ሙያዎችም ዕድሜያቸውን ጦርነት አሳጥሮታል። እነርሱን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ቁፋሮም፣ ትልቅ ገንዘብም አይደለም፤ ጊዜና ትሕትና ነው። ጉልቻውን አቅልሎ የሚያይ የታሪክ ጸሐፊ፣ ቤተ መንግሥቱ በምን እንደ ቆመ ሊያስረዳ አይችልም።